ከመኪና ውጭ ስለሚሰቀል ውኃና ነዳጅ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ አነስተኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። በፒክ-አፕ መኪና ላይ ጀሪካን መስቀል ማንኛውም ጋራዥ በአንድ ቀን ፈጽሞ የሚያስረክበው ሥራ ነውና። ይሁን እንጂ ለመስክ ሥራ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ሕይወት በዚሁ አነስተኛ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን በራሴ ላይ ደርሶ ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት ከመቀሌ ተነሥተን በበራህሌ በኩል ወደ ዳሎል ወረድን። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተደረገ ልኬት የዳሎል የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በመኪናችን የኋላ ፓራውልት ላይ በተበየደ መደርደሪያ አራት ጀሪካኖች ተሰቅለው ነበር፤ ሁለቱ ውኃ፣ ሁለቱ ቤንዚን ይዘዋል። መደርደሪያው አዲስ፣ ቀለሙም ያማረ ነበር። ሲመሽ ስንቆም ግን የአንደኛው ወገን ብየዳ ተሰንጥቆ፣ ውኃ የያዙት ሁለቱ ጀሪካኖች በመንገድ ወድቀው ቀርተዋል። በካሶኒው ውስጥ መለዋወጫ ጎማው፣ ድንኳኑና የዕቃው ሣጥን በሥርዓት ተቀምጠዋል። ቢጠፋ የማይጎዳንን ከውስጥ፣ ቢጠፋ የሚገድለንን ከውጭ ጭነን ኖሯል!

በማግሥቱ ያተረፉን ጨው ጭነው የሚወጡ ነጋድያን ናቸው፤ ከቆዳ ስልቻቸው ውኃ ቀድተው ሰጡን። ግመሎቻቸውን ስመለከት ጭነቱ በግራና በቀኝ ተመዛዝኖ፣ ወደ ገላቸው ተጠግቶ የታሰረ ነበር። እኛ የሙያው ሰዎች የዘነጋነውን ሕግ እነርሱ አልዘነጉትም።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። አንድ የብረት ጀሪካን 20 ሊትር ውኃ ሲይዝ ከነመያዣው 24 ኪሎ ያህል ይመዝናል። አራቱ ከመደርደሪያው ብረት ጋር 120 ኪሎ ገደማ ይደርሳሉ። በፊትና በኋላ አክስሎቹ መካከል 3 ሜትር ርቀት ባለው መኪና ላይ ይህ ጭነት ከኋላው አክስል 1.25 ሜትር ወደ ኋላ ርቆ ቢሰቀል፣ ከፊተኛው አክስል 50 ኪሎ ይቀነሳል፤ በኋለኛው ላይ ግን 120 ሳይሆን 170 ኪሎ ይጨመራል። የፊቱ ጎማ ሲቀልል መሪው መሬት አይጨብጥም፤ የፊቱ ፍሬንም ኃይሉ ይቀንሳል። መኪናው በጉድጓድ ሲዘል ደግሞ ይኸው ክብደት ተባዝቶ ብየዳውን ይመታዋል። ብየዳ በአንድ ምት አይሰበርም፤ በሺህ ምት ይደክማል እንጂ። ያው 120 ኪሎ ከሾፌሩ ክፍል ጀርባ ተጠግቶ በካሶኒው ወለል ላይ ቢታሰር ግን ለሁለቱም አክስሎች ይከፋፈላል። ጣራ ላይ መስቀል ደግሞ የመኪናውን የክብደት ማእከል ከፍ አድርጎ በተዳፋት ላይ ለመገልበጥ ያመቻቸዋል።

ስለሆነም የምሰጠው ምክር ይህ ነው፦ ከመኪናው ውጭ የሚሰቀለው ቢጠፋ መመለሻ የማያሳጣን ብቻ ይሁን። ውኃ ዝቅ ብሎ፣ በካሶኒው ውስጥ፣ ከአንድ በላይ በሆኑ መያዣዎች ተከፋፍሎ ይጫን። ነዳጅ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይቀመጥ፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃልና። ከውጭ መስቀል ግድ ከሆነ፣ መደርደሪያው በፓራውልቱ ላይ ሳይሆን ከሻንሲው ጋር በቡሎን ይታሰር፤ ከጭስ ማውጫውም ይራቅ። ዳዶዎቹ የመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር እንዳለቀ ይጥበቁ፤ ከዚያም በየማለዳው ይታዩ።

ስለ አሞላሉም ጥቂት ልጨምር። ጀሪካን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጀርመን ለጦር ሠራዊት የተሠራ ዕቃ ነው፤ ስሙም እንግሊዞች ጀርመኖችን «ጄሪ» ይሏቸው ከነበረው የመጣ ነው። ከእጀታው ሥር የተተወው የአየር ቦታ ያለ ምክንያት አልተተወም። በደጋ በማለዳ በ15 ዲግሪ የተሞላ 20 ሊትር ቤንዚን በቆላ 45 ዲግሪ ሲደርስ ከግማሽ ሊትር በላይ ይጨምራል። እስከ አፉ የሞላው ሰው መፍሰሻውን ራሱ አዘጋጀ ማለት ነው። በሚሞላበትም ጊዜ ጀሪካኑ ከመኪናው ወርዶ መሬት ላይ ይቀመጥ፤ በካሶኒው የፕላስቲክ ንጣፍ ላይ እንዳለ ከተሞላ የሚከማቸው ኤሌክትሪክ ብልጭታ ፈጥሮ ትነቱን ሊያቀጣጥል ይችላል። ነዳጅ የነካው መያዣም ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ ውኃ አይመለስ፤ የሁለቱ ቀለም ይለይ፣ በጨለማም በእጅ ዳሰሳ እንዲታወቁ በውኃው እጀታ ላይ ገመድ ይጠምጠምበት።

ባልደረቦቼ ሆይ፤ ወደ መስክ የምንልከው ወጣት የተሰጠውን መኪና አምኖ ይሄዳል። ብየዳው ከቀለሙ በታች ምን እንደሆነ አያይም፤ ማየት ያለብን እኛ ነን። የጉዞ ፈቃድ ላይ ከመፈረማችን በፊት ከወንበራችን ተነሥተን፣ ወደ ግቢው ወርደን፣ መደርደሪያውን በእጃችን እንነቅንቀው። እኔ ያን ዕለት ማለዳ አልነቀነቅሁትም ነበር።