ፌስታሉ ከረጢት ከመሆኑ በፊት



በጠበላ የገበያ ማግሥት በየአጥሩ የሚንጠለጠለውን ፌስታል ሁላችንም እናየዋለን። ነፋስ ወደ እንሰቱ ጓሮ ይወስደዋል፤ ጎርፍ ወደ ማሳው ያወርደዋል፤ ላም የጨው ሽታ ካገኘችበት ትውጠዋለች። በሆዷም አይፈጭም። ተጠቅልሎ ይከማችና ሣር እያለ ትከሳለች። ያላት አንዲት ላም ብቻ ለሆነች መበለት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያሻንም።

ከወጣቶቻችን መካከል፣ «ይህን ላስቲክ አቅልጠን የቆሻሻ መጣያ ከረጢት ለምን አንሠራም?» ብለው የጠየቁን አሉ። ሐሳቡን ወደነዋል። ነገር ግን በማሽን ግዢ እንዳይጀመር እንለምናለን።

ሥራው እንዲህ ነው። ላስቲኩ ተለይቶ፣ ታጥቦና ደርቆ ይቆራረጣል፤ ቀልጦም እንደ ሩዝ ያለ ፍሬ ይሆናል። ፍሬው እንደገና ቀልጦ በአየር እንደ ፊኛ ይነፋል፤ ከዚያ ተቆርጦ አንድ ጫፉ በሙቀት ይጣበቃል። ቀለሙ የተደበላለቀ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ይደረጋል። ለቆሻሻ ይበቃል፤ ቆጮም ሆነ ዳቦ ግን አይያዝበትም።

ዋናው ጭንቅ መለየቱ ነው። ለስላሳው ላስቲክ በ110 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ሲጨብጡት የሚንኮሻኮሸው ፌስታል በ130 ገደማ፤ የማዳበሪያው ጆንያ ግን 160 ያህል ይፈልጋል። ሲደባለቁ ያልቀለጠ ጓል ይቀራል፤ ፊኛውም እዚያው ላይ ይቀደዳል። አንዲት የአሸዋ ቅንጣትም እንዲሁ ታደርጋለች። እንግዲህ ከረጢቱ የሚያምረው ወይም የሚበላሸው ገና በለቃሚዋ እጅ ሳለ ነው፤ ክፍያዋም ይህን ያህል ሊታሰብበት ይገባል። መለየቱም በቤት ይሁን እንጂ በቆሻሻ ክምር ላይ አይሁን። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች እንደሞቱ አንረሳም።

ማጠቡ ደግሞ ውኃ ይጠይቃል። በቆላው ቀበሌ እናቶች በጄሪካን ከሩቅ የሚያመጡትን ውኃ ለላስቲክ ካዋልነው፣ ልማት ብለን ልንጠራው እናፍራለን። የጣሪያ ውኃ ይጠራቀም፤ እጣቢውም ወደ ወንዝ አይለቀቅ፤ መጨረሻው አባያ ሐይቅ ነውና።

ስለ ሕጉም እንናገር። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ፌስታል እንዳይመረት ከልክሏል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለውን ፌስታል ጨርሶ የሚከለክል ነው። ስለዚህ መዋጮ ከመሰብሰባችን በፊት ከረጢቱ ይፈቀድ እንደሆነ የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቱን በጽሑፍ እንጠይቅ። ፌስታሉ እየቀነሰ ከሄደ ማሽኑ ነገ ምን ይበላል? ይህንንም አብረን እንቁጠር።

እስከዚያው ለይቶ መሸጥ ይቻላል። የመርካቶው ምናለሽ ተራ ሌላው የጣለውን እየገዛ ስንት ዘመን ኖሯል! እያንዳንዱ ቤተሰብ ሁለት ባዶ ጆንያ በበሩ ጥግ ያቁም፤ አንዱ ለለስላሳው፣ ሁለተኛው ለሚንኮሻኮሸው። በየወሩ መጨረሻ መዝነን በመዝገብ እንጽፋለን። ስለ ማሽኑ የምንነጋገረው የአሥራ ሁለት ወር መዝገብ በእጃችን ሲሆን ነው።