ሆድ ሳይከፈት ስለሚሰጥ ሕክምና
በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ በጤና ኮሚቴው የቀረበ ንግግር፣ ናይሮቢ



በመካከላችን በማዮማ፣ ማለትም ካንሰር ባልሆነ የማሕፀን ዕጢ፣ ደም እየፈሰሳቸው ለዓመታት የሚሰቃዩ እናቶች አሉ። «ማሕፀንሽ ይውጣ» መባልን ፈርተው ሐኪም ቤት የማይሄዱ አሉ። ስለዚህ ኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂ ስለሚባለው ሕክምና ልንነግራችሁ ወደድን። ስሙ ከሥራው ይከብዳል።

ሐኪሙ ሆድ አይከፍትም። ብሽሽት ወይም የእጅ አንጓ ላይ ቆዳውን አደንዝዞ በመርፌ ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ ወደ ደም ቧንቧ ያስገባል። በኤክስሬይ ምስል እየተመራ ለማሕፀን ደም ወደሚያደርሱት ሁለት ቧንቧዎች ይደርስና አሸዋ የመሰሉ ቅንጣቶች ይለቃል። ደም የተቋረጠበት ዕጢ በወራት ውስጥ ይኮማተራል፤ ማሕፀኑ በቦታው ይቀራል። የፈረንሳይ ሐኪሞች ይህን ለማዮማ ማዋላቸውን በ1995 እ.ኤ.አ. አሳወቁ።

ዘርፉ ግን ከዚያ ይቀድማል። በ1964 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ኦሪገን፣ ዶክተር ቻርልስ ዶተር «እግሬ አይቆረጥም» ያሉ የ82 ዓመት እናትን የጠበበ የደም ቧንቧ በቱቦ አስፍተው እግራቸውን አተረፉ። ስኳር ያለባችሁ ይህን ልብ በሉ። እግር ይቆረጥ ሲባል «ቧንቧው ሊከፈት ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

በአካባቢያችን ባለሙያው ጥቂት ነው። በዳሬሰላም ሙሂምቢሊ ሆስፒታል ሥልጠናው የተጀመረው ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። እዚህም የሚገኘው በትልልቅ ሆስፒታሎች ነው፤ ወጪውን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሕመም የለውም የሚላችሁን አትመኑ። በመጀመሪያው ቀን ቁርጠቱ ብርቱ ነው፤ ማስታገሻ ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሌሊት ሆስፒታል ይታደራል። በተለይ ከ45 ዓመት በላይ ለሆነች ሴት የወር አበባ ቀድሞ ሊቆም ይችላል። ገና መውለድ የምትፈልግ ዕጢው ብቻ ስለሚወጣበት ቀዶ ጥገናም ትጠይቅ። ካንሰር ከተጠረጠረ ይህ ሕክምና አይደረግም። ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከታየ ሳይነጋ ወደ ሆስፒታል ነው።

በኤክስሬይ እንዲታይ የሚሰጠው ፈሳሽ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል የኩላሊት ሕመም፣ አለርጂ ወይም የእርግዝና ጥርጣሬ ካለ መናገር ያስፈልጋል። ደም ማቅጠኛና ሜትፎርሚን የምትወስዱም አትደብቁ፤ በራሳችሁም አታቋርጡ። የሐበሻ መድኃኒትም ቢሆን ይነገር።

አንድ ነገር እንጨምር። እናት ስለ ማሕፀኗ ስትጠየቅ በእንግሊዝኛ ወይም በስዋሂሊ የሚያስተረጉምላት ብዙ ጊዜ ወንድ ልጇ ነው። እሷ ታፍራለች፣ እሱም ያፍራል፤ ሐኪሙ የሚሰማው ግማሹን ነው። አብራችሁ የምትሄድ ሴት አስተርጓሚ የምትፈልጉ ለሴቶች ክፍላችን ንገሩ፤ ምሥጢራችሁ እዚያው ይቀራል።