ከእንጦጦ ቁልቁል፦ ሞተር ለተገጠመለት ብስክሌት ዲስክ ፍሬን ስለ መግጠም ለሰበካ ጉባኤያት የቀረበ ንግግር





የዛሬው ርእሳችን ለዚህ ጉባኤ ያነሰ ይመስል ይሆናል፤ ስለ ብስክሌት ፍሬን ነውና። ነገር ግን በየካ ክፍለ ከተማ ባሉ አጥቢያዎች ስለ ወጣቶች ሥራ በተነጋገርን ቁጥር ተደጋግሞ የሚነሣ ሐሳብ አለ፤ በተራ ብስክሌት ላይ ትንሽ ሞተር ገጥሞ ዕቃ ማመላለስ። ሐሳቡን አንነቅፍም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወይም ከኮተቤ ወደ ላይ የወጣ ሰው አቀበቱ ጉልበት እንዴት እንደሚጨርስ ያውቃል። ሥጋታችን መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው። ሞተሩ ብስክሌቱን ያከብደዋል፣ ያፈጥነዋልም፤ ፍሬኑ ግን ሞተር አልባ ለነበረው ብስክሌት የተሠራው ያው ፍሬን ነው።

ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። የእንጦጦ ተራራ ከፍታ 3,200 ሜትር ያህል ሲሆን መገናኛ አካባቢ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ወጣት ሁለት ባለ20 ሊትር ጀሪካን ጸበል ጭኖ ቢወርድ፣ ከነብስክሌቱና ከነሞተሩ ክብደቱ 140 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ይህ ክብደት 500 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከ2 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል፤ ቀስ ብሎ በሚወርድ ብስክሌት ግን አብዛኛው ፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ፍጥነትም ሌላ ዕዳ አለው፤ በሰዓት ከ20 ወደ 40 ኪሎ ሜትር ያደገ እንደ ሆነ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል።

የተለመደው ፍሬን ቸርኬውን በሁለት ጎማ ነክሶ ያቆማል። በዚህም ሙቀቱ በቀጥታ ወደ ቸርኬው ይሄዳል፤ በረጅም ቁልቁለት ላይ ከመነዳሪው ሊያፈነዳ ይችላል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ውኃና ጭቃ ቸርኬውን ስለሚሸፍኑት መንኮራኩሩ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች የሚፈጅው ውኃውን በመጥረግ ነው። ዲስክ ፍሬን በአንጻሩ መሐል ላይ በታሰረ የብረት ሰሌዳ ይሠራል፤ ከጭቃው ይርቃል፣ ሙቀቱም ከመነዳሪው የተለየ ነው። አዲስ ነገር አይደለም፤ እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት በ1902 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሆንዳም በ1969 እ.ኤ.አ. በወጣችው ሲቢ 750 ሞተር ብስክሌት የፊት ጎማ ላይ ገጥሞታል።

የፊት ጎማ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ስለዚህ ዋናው የማቆም ሥራ የፊቱ ነው። ለኋላው ደግሞ ችግር አለ። በብዛት በሚገጠሙት ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች የካቴናው ጥርስ በኋላው ጎማ ግራ በኩል፣ በሽቦዎቹ ላይ ይታሰራል። ዲስኩም ቦታው ግራ ነው። ሁለቱ አብረው አይገቡም። ስለዚህ ዲስኩን ፊት ገጥሞ የኋላውን አሮጌ ፍሬን በደንብ አድሶ ማቆየት ይሻላል። በአንድ ፍሬን ብቻ ከእንጦጦ መውረድ ግን በፍጹም አይገባም።

አሁን ብዙ በያጆች የሚሳሳቱበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ለዲስክ ፍሬን ያልተሠራ ከሆነ፣ ብረት በይዶ ወይም በማቀፊያ አስሮ ፍሬኑን መስቀል አደገኛ ነው። ኃይሉ ሁሉ በግራው ቀጭን ቱቦ በአንድ ነጥብ ላይ ያርፋል፤ ቱቦውም ይታጠፋል ወይም ይሰነጠቃል። በተጨማሪም ይህ ፍሬን ጎማውን ከሹካው ማረፊያ ወደ ታች ሊያወጣው ይገፋፋል፤ ዳዶው ዘወትር መጥበቁን ማየት ግድ ነው። ርካሹና ትክክለኛው መንገድ የዲስክ ማሰሪያ ያለውን የተራራ ብስክሌት ሹካና ባለስድስት ብሎን ቀዳዳ ጎማ በአንድነት መግዛት ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የሹካውን አንገት ለኩ፤ አሮጌዎቹ 25.4፣ አዲሶቹ 28.6 ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው፣ አንዱ በሌላው አይገባም። ከ160 ይልቅ 180 ሚሊ ሜትር ዲስክ ምረጡ፤ ሰፊው ይበልጥ ይይዛል፣ ሙቀትም ይችላል። በገመድ የሚሳበውን ከፈሳሹ እንመርጣለን፤ ገመድ በየሰፈሩ ይጠገናል፣ ፈሳሹ ግን ዓይነቱ ቢሳሳት ጎማ ማሸጊያዎቹን ያበላሻል። አዲስ ሸራ ወዲያው አይዝም፤ ሜዳ ላይ ሃያ ጊዜ ያህል እየነዱ ቀስ በቀስ ማቆም ያስፈልጋል። የሞተሩ ዘይት ሸራውን ከነካው ግን መለወጥ ነው።

ባለሁለት ምት ሞተር ላላቸው አንድ ማሳሰቢያ አለን። በእነዚህ ሞተሮች ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ስለሚገባ ነዳጁን ዘግቶ በሞተር ጉልበት ብቻ ረጅም ቁልቁለት መውረድ ሞተሩን ያደርቀዋል፤ የማቆም ኃይሉም ትንሽ ነው። መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ፍሬኑን ማቀዝቀዝ የሚሻል ነው።

የመንገዱን ዳር እናስብ። በእንጦጦ ጎዳና እንጨት የተሸከሙ እናቶች ይወርዳሉ፤ በየካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት በዓል ደግሞ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ሰው ነው። ኦሪት ዘዳግም ቤት የሠራ ሰው ለሰገነቱ መከታ እንዲያደርግ ታዝዛለች፤ ምክንያቱም ከዚያ የሚወድቀው ሰው ጉዳይ የቤቱ ባለቤት ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁ ለሁለት ሞተር ከበቃ፣ አንድ ሞተርና አንድ ፍሬን ግዙ። ሁለተኛው ሞተር ይቆይ።

ፈቃዱንም አትርሱ፤ በአዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሞተር ብስክሌቶች ላይ ገደብ አለ፤ ከመግዛት በፊት የትራንስፖርት ቢሮን መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥያቄያችሁን ለኛ ስትልኩም የሹካውን ፎቶግራፍና የአንገቱን ልክ አብራችሁ ላኩ፤ የፍሬኑን ዋጋ ከሞተሩ ለይታችሁ በአንድ መስመር ጻፉ። የበያጁ ስም ሳይሆን የሚገዛው ዕቃ ዓይነት ነው የሚያስፈልገን።