የኪው አር ኮድ አሠራርና የፊደላችን ቦታ

(በባሕር ዳር በተደረገው የማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ጀልባዎች ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት በሚነሡበት በጣና ዳር አንድ የማውቀው ባለጀልባ ለእንግዶች የሚያገለግል ሰሌዳ አቁሞ ነበር። በሰሌዳውም ላይ ከአንድ የውጭ አገር ድርጅት በነጻ ያገኘውን ኪው አር ኮድ አሳተመበት። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ግን ስልኩን ያስጠጋ እንግዳ ሁሉ በጀልባው መነሻ ሰዓት ፈንታ የክፍያ ጥያቄ ያገኝ ጀመር። ባለጀልባው «ቀለሙ ደብዝዞ ይሆናል» ብሎ ቢያሳትመውም ለውጥ አልመጣም። ምልክቱን ፈትቼ ስመለከተው በውስጡ ያለው የባለጀልባው ቃል ሳይሆን የደላላው ድርጅት አድራሻ ሆኖ ተገኘ። ደላላው በሩን ሲዘጋ ሰሌዳውም ዲዳ ሆነ። ምልክቱን በራሴ እጅ ለመሥራት የተነሣሁት ከዚህ የተነሣ ነው።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በኋላም ከፋይዳ መታወቂያ ጋር፣ ይህ ምልክት በየኪሳችን ገብቷል። የተፈለሰፈው ግን እ.ኤ.አ. በ1994 በጃፓን አገር፣ በዴንሶ ኩባንያ፣ በማሳሂሮ ሐራና በባልደረቦቹ ሲሆን ዓላማውም የመኪና መለዋወጫ ዕቃዎችን መቆጣጠር ነበር። በሦስቱ ማዕዘኖች የምናያቸው ዓይኖች የጥቁርና የነጭ ስፋታቸው 1፣ 1፣ 3፣ 1፣ 1 ነው። ይህ ልክ የተመረጠው በሌላ ኅትመት ላይ እምብዛም ስለማይገኝ ነው፤ መስመሩ በየትኛውም አቅጣጫ በዓይኑ መካከል ቢያልፍ ልኩ አይለወጥም። አራተኛው ማዕዘን ዓይን ስለሌለው ስልኩ ላዩን ከታቹ ይለያል።

የብራና ጸሐፊ ብዕሩን በቀለም ከመንከሩ በፊት ብራናውን በወስፌ ወግቶ መስመር ያሰምራል። ምልክት ሠሪውም ፕሮግራም እንዲሁ ዓይኖቹንና የመቁጠሪያ መስመሮቹን አስቀድሞ ያኖራል፤ ቃሉን ግን ከታች ከቀኝ ጀምሮ፣ በሁለት ሁለት ዓምድ፣ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች እየተመላለሰ ይሞላል። ከግራ ሰባተኛው ዓምድ የመቁጠሪያ መስመር ስለሆነ መዘለል አለበት። እኔ ይህችን በመዘንጋቴ ሁለት ሌሊት አጥቻለሁ፤ ምልክቱ ለዓይን ፍጹም ይመስላል፣ ስልክ ግን ዝም ይላል።

የሚያስደንቀው የስሕተት ማረሚያው ነው። ሁለት ነጥቦች አንዲት ቀጥተኛ መስመር ይወስናሉ። በዚያችው መስመር ላይ ያሉ አራት ነጥቦችን ብሰጣችሁና ሁለቱ ቢጠፉ፣ በቀሩት ሁለቱ መስመሯን መልሳችሁ ታሰምራላችሁ። ኢርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሶሎሞን እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጡት ዘዴ ይህንኑ አሳብ ከፍ ባለ ሒሳብ ያከናውናል፤ ነጥቡ መጥፋቱ ብቻ ሳይሆን መሳሳቱም ቢሆን የትኛው እንደተሳሳተ ፈልጎ ያገኛል። ትንሹ ምልክት 21 በ21፣ ማለትም 441 ቤቶች አሉት። ከእነዚህ ለቃሉና ለማረሚያው የሚተርፉት 208፣ ወይም 26 ባይት ናቸው። በዝቅተኛው ደረጃ 19 ባይት ለቃሉ፣ 7 ለማረሚያ ይውላሉ፤ በከፍተኛው ደረጃ ደግሞ ለቃሉ 9 ብቻ ተሰጥተው 17 ለማረሚያ ስለሚውሉ ከ26ቱ 8 ቢበላሹ እንኳ ቃሉ ይነበባል። ፀሐይና የሐይቅ ርጥበት ለሚፈራረቁበት ሰሌዳ ይህ ቅንጦት አይደለም።

አሁን ወደ ፊደላችን ልምጣ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ በተለመደው አጻጻፍ ግን እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይፈጃል። «ባሕር ዳር» አምስት ፊደልና አንድ ባዶ ቦታ ነውና 16 ባይት ይሆናል። በዝቅተኛው ማረሚያ ትንሹ ምልክት 17 ስለሚችል ለጥቂት ይገባል፤ ከፍተኛውን ማረሚያ ከፈለግን ግን 29 በ29 የሆነውን መውሰድ አለብን። ከሦስቱ ባይት የመጀመሪያው ምንጊዜም ያው 225 ቁጥር ነው። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ድረስ ያለው ፊደል ሁሉ የሚጀምረው በእርሱ ነው፤ እንግዲህ የፊደሎቻችን ቦታ ሲሶው አንዱን ቁጥር በመደጋገም ያልቃል ማለት ነው። ፈልሳፊዎቹ ለራሳቸው ጽሕፈት የተለየ መንገድ ስላበጁለት የጃፓኑ ካንጂ በ13 ቢት ይጻፋል። የእኛ ዋናው ሠንጠረዥ 384 ቦታ ብቻ ስለሆነ 9 ቢት በበቃው ነበር፤ ነገር ግን 24 ይፈጃል።

በ9 ቢት የሚጽፍ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር፤ ይሠራልም። ሆኖም የሚያነበው የእኔው ስልክ ብቻ ነው። በወደብ ለሚቆም ሰሌዳ ይህ ከደላላው የባሰ ነው፤ መጻሕፍታቸውን በግዕዝ መዝግበው ለሚያኖሩ ቤተ መጻሕፍት ግን፣ አንባቢውም ጸሐፊውም አንድ ስለሆኑ፣ ሊጠቅም ይችላል ባይ ነኝ። መስፈርቱን የሚያሻሽሉት ሰዎች ስለ ፊደላችን የሚሰሙት ከእኛ ካልሆነ ከማን ሊሆን ይችላል?

ለባለጀልባው የሠራሁለት በተለመደው አጻጻፍ፣ በከፍተኛው ማረሚያ፣ በአራቱም በኩል የ4 ቤት ነጭ ጠርዝ የተተወለት ነው። ሠዓሊው ያንን ጠርዝ በሰማያዊ ሐረግ ሊያስጌጠው ሲል በብርቱ ክርክር አስጣልሁት። መነሻ ሰዓቱ በካሬው ውስጥ ስለተጻፈ እንግዳው ያለ ኢንተርኔት ያነበዋል። ሰዓቱ በተለወጠ ቁጥር ግን አዲስ ማተም ግድ ነው፤ ባለጀልባውም በዚህ እስከ ዛሬ ያጉረመርምብኛል።