አድሚራል ሂዌትና የዓድዋው ውል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ከገለጉ በስተሰሜን በምትገኘው በመተማ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መውደቃቸውን የማያውቅ በመካከላችን አይኖርም። ለዚያ ጦርነት አንዱ ምክንያት የሆነውን ውል የፈረመው የባሕር ሰው ግን ስሙ ብዙ ጊዜ አይነሣም። ስለ እርሱ ጥቂት ቃል እናገራለሁ።

ዊልያም ሂዌት በ1826 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ተወለደ፤ ገና በልጅነቱም ባሕር ኃይል ገባ። በ1847 ዓ.ም. በክሪሚያ ጦርነት፣ በሴባስቶፖል ግንባር የአንድ መድፍ ኃላፊ ሳለ፣ ሩሲያኖች እየገፉ ሲመጡ መድፉን አሰናክሎ እንዲያፈገፍግ ቃል ደረሰው። እርሱ ግን ትእዛዙ ከአለቃው እንዳልመጣ ተናግሮ የምሽጉን ግንብ አፈረሰና የመድፉን አፍ ወደ ጠላት አዞረ። ስለዚህ ሥራው ከፍተኛውን የጀግንነት ኒሻን፣ የቪክቶሪያን መስቀል ተሸለመ።

በ1876 ዓ.ም. የማህዲ ሠራዊት በሱዳን የግብፅን ጦር ድል ሲነሣ፣ ሂዌት አድሚራል ሆኖ በቀይ ባሕር ላይ ነበር። በዚያው ዓመት የሱዋኪን ገዥ ሆነ። ቀጥሎም መንግሥቱ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር እንዲዋዋል ስለ ላከው፣ የመርከብ አዛዡ የፖለቲካ ሰው ሆኖ ዓድዋ ገባ።

ውሉ ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. ተፈረመ። ንጉሠ ነገሥቱ በከሰላ፣ በአሚዲብና በሰንሒት ያለው የግብፅ ጦር በኢትዮጵያ በኩል ወደ ምጽዋ እንዲወጣ ሊረዱ ተስማሙ። በምላሹ የቦጎስ አገር ሊመለስላቸው፣ በምጽዋም ወደብ ዕቃቸውና መሣሪያቸው በእንግሊዝ ጥበቃ በነጻ ሊያልፍ ተወሰነ።

ቦጎስ በእርግጥ ተመለሰ። ዐፄ ዮሐንስም ቃላቸውን ጠበቁ፤ በመተማ ተከቦ የነበረው የግብፅ ጦር ሳይቀር በኢትዮጵያ ምድር አልፎ ወጣ። ነገር ግን ውሉ ከተፈረመ ስምንት ወር ቆይቶ፣ በጥር 1877 ዓ.ም.፣ ኢጣልያ በእንግሊዝ ፈቃድ ምጽዋን ያዘች። በመስከረም 1878 ዓ.ም. ራስ አሉላ ኩፊት ላይ ድርቡሽን ድል ቢያደርጉም ጠላትነቱ እየከረረ ሄደ። በጥር 1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን አቃጠለ። አድሚራሉ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በአገሩ ሞተ። ዐፄ ዮሐንስ ደግሞ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ቆሰሉ፤ በማግሥቱም አረፉ።

ጦርነቱን ያመጣው ውሉ ብቻ ነው አይባልም፤ ቀድሞም በድንበሩ ግጭት ነበር። ሂዌትንም ፈሪ ወይም አታላይ ነው ለማለት አልነሣሁም። ፊርማው የእርሱ ነበር፤ ቃሉን የመጠበቅ ሥልጣን ግን በለንደን ነበር።

የአገራችን ሰው ሲዋዋል ዋስ ይጠራል። በዓድዋው ውል ግን ወደቡን ለመጠበቅ ቃል የገባችው እንግሊዝ ነበረች፤ ከግብፅ ጋር ክርክር ቢነሣ ዳኛ እንድትሆን የተጻፈችውም የእንግሊዝ ንግሥት ነበረች። እንግሊዝ ራሷ ቃሏን ብታጎድል ማን ይፍረድ?

እንግዲህ ተማሪዎች፣ ነገ ስለ እርሻም ሆነ ስለ ንግድ፣ ወይም ስለ አገር ጉዳይ ስትዋዋሉ፣ የፈራሚውን ጀግንነት ብቻ አትመልከቱ፤ ዋሱ ማን እንደ ሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።