ከቢላዋ በፊት የሚፈለገው የደም ሥር



ከሞጆ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ በመኪና አደጋ የቅልጥሙ አጥንት እስኪታይ የቆሰለ ሰው፣ ቁስሉ በስፌት ብቻ አይደፈንለትም። ሐኪሙ ከጭኑ ውጫዊ ገጽ ቆዳን ከነስቡና ከነደም ሥሩ አንሥቶ ወደ ቁስሉ ያዛውራል፤ ደም ሥሩንም በማይክሮስኮፕ እየተመለከተ በቁስሉ አጠገብ ካለው ጋር ይሰፋዋል። ይህን ከጭን የሚወሰድ ሥጋ ቻይናውያን ሐኪሞች በ1984 እ.ኤ.አ. ጽፈው አስታወቁ።

የወንጂን ሸንኮራ እርሻ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። የአዋሽ ውሃ በትልቁ ቦይ ቢያልፍም፣ እርሻውን የሚያጠጣው ከእርሱ የሚከፈለው ትንሹ ቦይ ነው። ለቆዳውም ሕይወት የሚሰጠው ከዋናው ደም ሥር የሚወጣ ቀጭን ቅርንጫፍ ነው፤ እርሱ በስሕተት የተቈረጠ እንደ ሆነ የተዛወረው ሥጋ ይሞታል።

ይህ ቅርንጫፍ ታዲያ በሰው ሁሉ በአንድ ስፍራ አይገኝም። ከዳሌ አጥንት ጫፍ እስከ ጉልበት ሎሚ ውጫዊ ጠርዝ መስመር ቢሰመር፣ ብዙውን ጊዜ በመካከሉ ዙሪያ በ3 ሳንቲሜትር ክልል ይገኛል። በአንዱ ሰው በጡንቻዎች መካከል ይወጣል፤ በሌላው ግን ጡንቻውን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ፣ እርሱን ነቅሶ ማውጣት ረዥም ጊዜና ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ስለዚህ አስቀድሞ በደም ሥር መድኃኒት ተወግቶ በሲቲ ስካን ሥዕል ይነሣል፤ የቅርንጫፉም መንገድ ይታያል። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው መድኃኒቱ ጥንቃቄ ይሻል። ዶፕለር የተባለው በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ደግሞ የደሙን ፍሰት በድምፅ ያሰማል፤ ሐኪሙም በሰማበት ላይ በቀለም ምልክት ያደርጋል። በወፍራም ጭን ላይ ሊያሳስት ቢችልም፣ ሲቲ ስካን በሌለበት ከተማ በእኔ አስተያየት የሚናቅ አይደለም።

የተወሰደው ቆዳ ጠባብ ከሆነ ጭኑ ወዲያው ይሰፋል፤ ሰፊ ከሆነ ግን ከሌላ ስፍራ ስስ ቆዳ ተወስዶ ይለጠፍበታል።