የደብተር ዋጋ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሊቀ መንበሩ ለዘንድሮው ስብሰባ አንድ ቁም ነገር እንድንናገር ስላዘዙን እነሆ ቀርበናል። እኛ ዕድሜያችንን የጨረስነው መዝገብ ቤት ነው። ትምህርታችንም ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ስለዚህ የምናውቀውን ብንናገር ይሻላል፤ የምናውቀው ደግሞ መዝገብ ነው።

ከብዙዎቻችን ቤት አንድ ልጅ ወይም አንድ የልጅ ልጅ አሜሪካን አገር አለ። ከነዚህም በአትላንታና በሌሎች የደቡብ ከተሞች የሚኖሩ አሉ። እዚያ የተወለዱት ልጆች ስልክ ሲደውሉ «አያቴ፥ አባትህ ማን ይባል ነበር? የእሱስ አባት? ከየት መጡ?» ይላሉ። ጥያቄው ደግ ነው። በዚያ አገር ሰው ሁሉ ዘሩን ይፈልጋልና ልጆቹም ከዚያው ለመዱት። እኛም የደቡቡ ገበሬ ቤተሰብ ትውልዱን ከአሮጌ መዝገብ እንዴት አድርጎ እንደሚያወጣ ጠየቅን፥ አስነበብን። ያገኘነውን እንነግራችኋለን። ስለ አሜሪካ ስንናገር የምንጠራው ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ደቡብ የሚሉት እነ ጆርጂያ፥ አላባማ፥ ሚሲሲፒና ሁለቱን ካሮላይናዎች የያዘውን አገር ነው። ጥጥ፥ በቆሎና ትንባሆ የሚበቅልበት ነው። ገበሬው አብዛኛው ድኃ ነበር። ደብዳቤ አይጽፍም፥ ጋዜጣ ላይ ስሙ አይወጣም። ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው ከመቶ ዓመት በኋላ በምን ይገኛል? መልሱ፦ አንድ ጸሐፊ በጻፈው መስመር ነው።

የመጀመሪያው መዝገብ የሕዝብ ቆጠራው ነው። ከ1790 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ይቆጠራሉ። እስከ 1840 ድረስ ስሙ የሚጻፈው የቤቱ አባወራ ብቻ ነበር፤ ሚስትና ልጆች በቁጥር ነው የሚታለፉት። በ1850 ግን ነጻ የሆነው ሰው ሁሉ በየስሙ ተጻፈ። በ1880 ደግሞ እያንዳንዱ ለአባወራው ምኑ እንደሆነ፥ ልጅ ነው ወይስ አማች፥ ተጨመረ። ከ1850 እስከ 1880 ድረስ የእርሻ ቆጠራም ነበረ። በዚያ ላይ ገበሬው ስንት ኤከር እንዳረሰ፥ ስንት በቅሎና ላም እንዳለው፥ ስንት ባሌ ጥጥ እንዳገኘ ይነበባል። አያቱን አይቶ የማያውቅ ሰው የአያቱን በቅሎ ቆጥሮ ያገኛል ማለት ነው። ቆጠራው ለሕዝብ የሚከፈተው ከ72 ዓመት በኋላ ስለሆነ የ1950ው የተከፈተው በ2022 ነው።

ሁሉም ግን አልተረፈም። የ1890 ቆጠራ በጥር ወር 1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሣ እሳት ተጎድቶ አብዛኛው ጠፍቷል። ልብ በሉ፤ ከ1880 ቆጠራ በኋላ ተወልዶ ከ1900 በፊት አግብቶ ከቤት የወጣ ልጅ ከወላጆቹ ጋር አንድ ገጽ ላይ ሳይታይ ቀረ ማለት ነው። የአንድ ቀን እሳት የሃያ ዓመት ክፍተት ጥሎ ሄደ።

ሁለተኛው መዝገብ ያለው ካውንቲ በሚሉት፥ እንደኛ ወረዳ ባለው፥ ፍርድ ቤት ነው። የመሬት ሽያጭ፥ ኑዛዜ፥ የጋብቻ ውል፥ የግብር ዝርዝር እዚያ ይቀመጣል። ጆርጂያ ውስጥ ከ1805 እስከ 1833 መሬት በዕጣ ታድሏል። መሬቱ ከክሪክና ከቸሮኪ ሕዝቦች የተወሰደ ነበር፤ ይኸም ከመዝገቡ የሚነበብ ነው። የሽያጩ ውል ሲጻፍ «ከወንዙ እስከ ዛፉ፥ በዚህ በኩል የእገሌ መሬት» ይላል። ይኸ ለኛም እንግዳ አይደለም! ታዲያ ፈላጊዎቹ ጎረቤቱንና ምስክሩን አጥብቀው ይመለከታሉ። ምስክር ሆኖ የሚፈርም ብዙ ጊዜ ወንድም ወይም አማች ነዋ። ፍርድ ቤቱ ተቃጥሎ ከሆነም ወደ ላይኛው መሥሪያ ቤት የተላከ የግብር ቅጂ ይፈልጋሉ። አንድ ደብተር ሲጠፋ ሰውን የሚያድነው ቅጂው ነው።

አሁን ከባዱ ነገር ላይ ደረስን። ከደቡቡ ገበሬ ብዙው በባርነት ተይዞ የሚያርስ ጥቁር ሕዝብ ነበር። በ1850ና በ1860 ቆጠራ እነዚህ ሰዎች የተጻፉት ከሞላ ጎደል ያለ ስም ነው፤ በጌታው ስም ሥር ዕድሜ፥ ጾታና የቆዳ መልክ ብቻ ተመልክቷል። ስማቸው የሚገኘው ጌታው ሲሞት በሚጻፈው የንብረት ዝርዝር ላይ፥ ከበቅሎና ከማረሻ ጋር ዋጋ ተሰጥቶት ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1865 አበቃ፥ ባርነትም በዚያው ዓመት በሕግ ቀረ። ስለዚህ ይህ ሁሉ ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ በቆጠራ ላይ ከነስሙ የታየው በ1870 ነው። ፈላጊዎቹ ይህን ዘመን «ግድግዳ» ይሉታል። ከዚያ ወዲያ ማለፍ ጭንቅ ነው።

ግድግዳውን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ግን አልጠፋም። መንግሥት ነጻ ለወጡት ሰዎች ከ1865 እስከ 1872 አንድ መሥሪያ ቤት አቋቁሞ ነበር፤ የሥራ ውላቸውን፥ ጋብቻቸውን፥ የተሰጣቸውን ቀለብ መዝግቧል። በ1865 ደግሞ የቁጠባ ባንክ ተከፈተላቸው። ደብተር ሲያወጡ ጸሐፊው የአባትና የእናት፥ የወንድምና የእኅት ስም፥ የትውልድ አገር ይጠይቃል፤ አንዳንዴም የቀድሞውን ጌታ ስም ይጨምራል። ባንኩ በ1874 ወደቀ፤ ብዙ ድኃ ያጠራቀመውን አጣ። መዝገቡ ግን ቀረ። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ቅድመ አያታቸውን የሚያገኙት በዚያ ነው። ገንዘቡ ጠፍቶ ስሙ ተረፈ።

ለእኛ ለእድርተኞች ደግሞ የሚገርም ነገር አለ። እነዚያ ጥቁር ገበሬዎች ነጻ ሲወጡ የቀብር ማኅበር አቋቋሙ። ጥቂት ሳንቲም ያዋጣሉ፥ የታመመ ይጠይቃሉ፥ የሞተ ይቀብራሉ። እድር በሉት! ዛሬ ዘር የሚፈልግ ሰው የማኅበሩ ደብተር ከተገኘለት ደስታውን አይችለውም። የሞት ምስክር ወረቀት በየክፍለ ግዛቱ የተጀመረው ዘግይቶ ነው፤ በአላባማ በ1908፥ በሚሲሲፒ በ1912፥ በሰሜን ካሮላይና በ1913፥ በጆርጂያ በ1919። ወረቀቱ የሟቹን ወላጆች ስምና የቀብሩን ቦታ ይጠይቃል። ከዚያ በፊት ለሞተው ግን ያለው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ፥ የመቃብር ድንጋይና የማኅበር ደብተር ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እንጨምር። አንደኛ፥ ጸሐፊው የሚጽፈው በጆሮው የሰማውን ነው። አንድ ሰው በሦስት ቆጠራ ሦስት ዓይነት ፊደል ይዞ ይገኛል። እኛም ኃይሉ፥ ሐይሉ፥ ሀይሉ እያልን እንጽፍ የለ? ስለዚህ ስሞችን በድምፃቸው የሚያሰባስብ ዘዴ አበጅተዋል። ሁለተኛ፥ የቃል ታሪክ ብቻውን አይበቃም። አሌክስ ሄሊ በ1976 «ሩትስ» የተባለውን መጽሐፍ ያወጣው ከአያቱ ዘንድ የሰማውን ይዞ ነው፤ ብዙ ሰው ዘሩን እንዲፈልግ አነሣሥቷል። በኋላ መዝገብ የመረመሩ ሰዎች ግን ታሪኩ በብዙ ቦታ ከመዝገቡ ጋር እንደማይገጥም አሳዩ። ስለሆነም ቃልና ደብተር መተያየት አለባቸው።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። በአገራችን የሕዝብ ቆጠራ የተደረገው በ1976፥ በ1987ና በ1999 ዓ.ም. ነው። ልደትና ሞት በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ከሰፈራችን የተሸኙት እናትና አባቶቻችን ስማቸውና ቀናቸው አንድ ላይ የሚገኘው የት ነው? በእድራችን ደብተር ነው። ደብተሩስ የት አለ? ከድንኳኑና ከብረት ድስቱ ጋር እቃ ቤት ተቆልሎ፥ እርጥበትና አይጥ እየተፈራረቁበት ነው። እሳት እስኪነሣ አንጠብቅ።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። በድሮው ደብተራችን ላይ ብዙዋ ሴት «የእገሌ ባለቤት» ተብላ ነው የተጻፈችው። ዳቦ ጋግራ፥ ለቅሶ ደርሳ፥ መዋጮዋን ከፍላ የኖረች እናት ስም የላትም። እዚያ አገር ስም አልባ ሆነው የተጻፉትን እያነበብን ካዘንን፥ የራሳችንን እናቶች ያለ ስም መተው አይገባንም።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ አራት ነው። አንደኛ፥ አሮጌዎቹ ደብተሮች ከእቃ ቤት ወጥተው ደረቅ ሣጥን ውስጥ ይቀመጡ። ሁለተኛ፥ ገጹ ሁሉ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ቅጂው በሁለት የተለያየ ቦታ ይቀመጥ። ሦስተኛ፥ አዲሱ መዝገብ የአባልን የአያት ስም፥ የትውልድ ወረዳና ቀበሌ፥ የሴቶቻችንን ሙሉ ስም ከነአባታቸው ይያዝ። አራተኛ፥ ስም ተጽፎ ያልተገኘለትን፥ ሽማግሌዎቻችን በሕይወት ሳሉ ጠይቀን እንጻፍ፤ ማን እንደተናገረና መቼ እንደተናገረም አብሮ ይጻፍ። ወጪው የአንድ ድንኳን እድሳት አያህልም። ለጽሕፈቱ እኛ እጃችን ገና አልደከመም፤ አንድ ወጣት ፎቶ አንሺ ብቻ ይመደብልን።

እድር ሰውን በክብር የሚቀብር ማኅበር ነው። ስሙንም አብሮ እንዳይቀብር እንጠንቀቅ። ፈጣሪ ለከርሞው በጤና ያገናኘን።